አስቤስቶስን መሰባበር ይብቃን

ወገኖቼ፣ እስከ መቼ ነው አስቤስቶስን እንደ ተራ ድንጋይ የምንፈልጠው?

አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ ሲፈርስ አይታችኋል። አንዱ ወጣት ላይ ወጥቶ ግራጫውን ክዳን በመዶሻ ይመታል። ሌላው ከሥር ሆኖ ስብርባሪውን በእጁ ይለቅማል። አልላቀቅ ያለውን በግራይንደር ይቆርጡታል። ነጩ ብናኝ ቅንድባቸውንና ሽፋሽፍታቸውን አልብሶታል። በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረግ ያደርጉና ይቀጥላሉ። አሠሪው ቆሞ ያያል። እኛም አይተን እናልፋለን። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው። ሲሰበር በዓይን ወደማይታዩ ቀጫጭን ክሮች ይሰነጠቃል። ክሮቹ ሽታ የላቸውም፤ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። ስንተነፍሳቸው ወደ ሳንባችን ጠልቀው ይገባሉ፤ አንዳንዶቹ ሳንባን የሸፈነው ስስ ገለፈት ድረስ ይዘልቃሉ። ሰውነታችን ሊያሟሟቸው አይችልም። እዚያው ለዓመታት ተቀምጠው ሕዋሳቱን ያስቆጣሉ፣ ዘረ መላቸውን ያበላሻሉ። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው ካንሰር የሚነሳው እንዲህ ነው። ብዙውን ጊዜ የሳንባን ሽፋን፣ አንዳንዴም የሆድ ዕቃን ሽፋን ይይዛል።

«ስንት ዓመት ሠርቼበት ምን ሆንኩ?» የምትሉ ታላላቆቻችን፣ እባካችሁ ስሙኝ። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ብናኙ ከተተነፈሰ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣው። በ20 ዓመቱ ጣሪያ ያፈረሰ ልጅ የሚታመመው ጡረታ ሲወጣ ሊሆን ይችላል። የዛሬው ጤንነታችሁ ማስረጃ አይሆንም። ልጆቹን በእሱ አታሳስቱ። የተነፈሰው ሁሉ ይታመማል አላልኩም፤ አብዛኛው ላይያዝ ይችላል። ነገር ግን «ይህን ያህሉ አይጎዳም» ተብሎ የሚታመንበት መጠን የለም።

ደግሞ ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ዋግነር የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሰማያዊ አስቤስቶስ ማውጫ አካባቢ የ33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማንን ታሪክ ይፋ አደረገ። ከመካከላቸው ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ፣ በአካባቢው ብቻ የኖሩ ሰዎችም ነበሩ። በ1965 ለንደን ላይ በወጣ ጥናት ደግሞ በአስቤስቶስ ይሠሩ የነበሩ ባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሚስቶች በዚሁ በሽታ ተይዘው ተገኙ። አባት ሆይ፣ ቱታህን እንደለበስክ ልጅህን ስታቅፍ ይህን አስብ።

ጋራዥ የምትሠሩ ወንድሞቼም አትዘናጉ። አሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ታምቡሩን ከፍታችሁ በኮምፕሬሰር እፍ ስትሉት ብናኙ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመለሰው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁንም ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ጣሉት።

ቤታችሁ የአስቤስቶስ ክዳን ካለውና ካልተሰነጠቀ፣ ዝም ብላችሁ ተዉት። አትብሱት፣ አትፈግፍጉት። መነሳት ካለበት በሙያው የሠለጠነ ሰው ያንሳው። እሱም ቢሆን በውኃ እያራሰ፣ ሳይሰብር፣ ሙሉውን ያውርደው። በደረቁ መጥረጊያ የሚባል ነገር አይታሰብ። ተራ የጨርቅ ማስክም አያድንም። አሠሪዎች፣ ትክክለኛውን መከላከያ ማቅረብ የእናንተ ግዴታ ነው። ከቀን ሠራተኛ ሳንባ ላይ ወጪ አይቆጠብም።

«እኔ ሲጋራ አላጨስም» ብሎ የሚጽናናም አለ። ሜሶቴሊዮማ ከሲጋራ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ያላጨሰውንም ይይዛል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚከፋው ሌላው፣ የሳንባ ካንሰር ነው። ስለዚህ በብናኙ ውስጥ የኖራችሁና የምታጨሱ፣ ዛሬውኑ አቁሙ።

ትንፋሽ እያጠራችሁ፣ ደረታችሁን ወይም ጎናችሁን እየወጋችሁ፣ ክብደታችሁ ያለ ምክንያት እየቀነሰ ከሆነ ቤት አትቀመጡ። ብዙ ጊዜ ሜሶቴሊዮማ በሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ ያጠራቅማል፤ ይህ ግን ከሌሎች ሕመሞችም ስለሚመጣ የሚለየው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። በሽታው ከባድ ነው፤ በአብዛኛው ፈጽሞ አይድንም። ሆኖም ዕድሜ የሚያራዝምና ስቃይ የሚቀንስ ሕክምና አለው። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ የዛሬ ሥራችሁን ብቻ አትናገሩ። ከ30 ዓመት በፊት የት እንደሠራችሁ፣ ምን እንዳፈረሳችሁ፣ አባታችሁ ምን ይሠሩ እንደነበር ሳትጠየቁ ንገሩት።