ከቶንዶስ እስከ ቃለ ጉባኤ

አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የወንዶች ፀጉር ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው ቀድሞ የሚያየው መስታወቱን ሳይሆን ከመስታወቱ ሥር የተቀመጠችውን፣ ሆዷ ውስጥ ሰማያዊ መብራት የሚበራባትን ሣጥን ነው። ስሟ ስቴራላይዘር ነው፤ ሥራዋም ማምከን፣ ማለትም ዕቃውን ከጀርም ማጽዳት ነው። መቀስ፣ ማበጠሪያና የቶንዶስ ጥርስ፣ አንዳንዴም የባለሙያው የስልክ ቻርጀር፣ በአንድነት ያድሩባታል። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ አንገቱ ላይ ጨርቅ ሲታሰርለት «ስቴራላይዝ ተደርጓል አይደል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለሙያውም «አሁን ነው ያወጣሁት፣ ጋሼ» ይላል። ጥያቄው እንደ «እንዴት አደሩ» ነው፣ መልሱም እንደ «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ በመካከላቸው ምርመራ የለም።

ሣጥኗ ከንቱ ናት ማለቴ አይደለም። የአልትራቫዮሌት ጨረር ጀርሙን እንዳይራባ አድርጎ ያበላሸዋል፤ ነገር ግን የሚሠራው ባረፈበት ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ መቀስ በመቀስ ላይ፣ በዚያም ላይ ማበጠሪያ ሲከመር ከሥር ያለው ጀርም ያለ ሥጋት ያድራል። በጥርሱ መካከል የቀረ የትናንት ደንበኛ ፀጉርም እንዲሁ ይከልለዋል። የሚገድለው ጨረር ለዓይን አይታይም፤ የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን አጃቢው ነው፤ ደንበኛን የሚያሳምነው ግን ይኸው አጃቢ ነው። ይህን የተረዳ ባለሙያ ሌላ ትርዒት ይጨምራል፤ ቶንዶሱ ላይ አልኮል ያፈስና በላይተር ይለኩሰዋል፣ ነበልባሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ይጠፋል፣ ወረፋ የሚጠብቁትም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ልማዱ ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ ብሎ ካስተማረን የኤች አይ ቪ ዘመን የቀረ ጥንቃቄ ስለሆነ በጥንቃቄው አልስቅም፤ የምስቀው ዝግጅቱ ሁሉ ለታዛቢ እንጂ ለጀርሙ ባለመሆኑ ነው።

ሐኪም ቤት ውስጥ ማምከን እንዲህ በዓይን ጥቅሻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ፈረንሳዊው ሻርል ሻምበርላን እ.ኤ.አ. በ1879 የሠራው አውቶክሌቭ እንፋሎትን በግፊት ወደ 121 ዲግሪ ያደርሳል፤ ዕቃውም በዚያ ሙቀት ቢያንስ 15 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ግፊት ያስፈለገው ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የባክቴሪያ ስፖሮች ተራ ፍል ውሃን ስለሚቋቋሙ ነው። የእኛ ፍል ውሃ ደግሞ ጭራሽ ለዘብ ያለ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ መንተክተክ ይጀምራል። ከፍታ ላይ ነን እያልን የምንኮራ ሰዎች ጡጦ ስንቀቅል ይህን ብናስታውስ መልካም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሥጋ ቤት ሲገባ ሳይንሱ ጨርሶ ይለወጣል። ጎረድ ጎረዱን ፊቱ የደረደረ ሰው የኮሶ ነገር ሲነሣበት አረቄውን ከፍ አድርጎ «ይኼ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?» ይላል። አልኮል ጀርም ለመግደል 70 በመቶ ግድም ሲሆን ይመረጣል፤ መለኪያ ውስጥ ያለው አረቄ ከዚያ በታች ነው፣ ሆድ ውስጥ ደግሞ ከምራቁም ከጠላውም ጋር ይቀጥናል። በሥጋው ውስጥ ተሸፍኖ የተኛው የኮሶ ትል እጭ የሚፈራው እሳትን እንጂ ብርጭቆን አይደለም። አረቄው በርግጠኝነት የሚያመክነው የጠጪውን ፍርሃት ነው።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሌላም ሥርዓት አለ። እጁን በሳሙና ታጥቦ የተመለሰ ሰው፣ ወዳጁ ሲመጣ መዳፉን እንዳያስነካ አጥፎ ክንዱን ይሰጠዋል፤ ወዳጁም ክንዱን ጨብጦ ይስመዋል። እጅግ የሠለጠነ ጥንቃቄ ነው። ከዚያ ስልኩ ይጮኻል፣ በዚያው በታጠበ እጅ ያነሣዋል፣ ለሊስትሮው ብር ቆጥሮ ይሰጣል፣ በመጨረሻም በዚያው እጅ ጠቅልሎ ለወዳጁ ያጎርሳል። ጉርሻ እምቢ አይባልም።

ማምከን ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ክፉውን ከደጉ አይለይም። እርሾውን ያመከነች ሴት ሊጧ ኩፍ አይልም፣ እንጀራዋም ዓይን አያወጣም፤ ጠላውም ጠጁም እንዲሁ ሕይወት ባላቸው ረቂቅ ነገሮች የሚኖሩ ናቸው። የወተት ዕቃ በወይራ የሚያጥኑ እናቶች ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ጭሱ ጀርሙን ይቀንሳል፣ ወተቱን መዓዛ ይሰጠዋል፣ እርጎ የሚያደርገውን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም።

ስፖር እንኳ የማያስተርፍ ማምከን ማየት የፈለገ ሰው ወደ ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ስብሰባ ይቀመጥ። ሁለት የክፍል ኃላፊዎች በአንዲት መኪና ተጣልተው ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ አንደኛው በሩን ወርውሮ ይወጣል፣ ሂሳብ ሹሟ በሳቅ ፊቷን በፋይል ትሸፍናለች። በማግሥቱ ቃለ ጉባኤው ሲመጣ «የተሽከርካሪ ስምሪትን በተመለከተ ሰፊ ውይይት ከተደረገበት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። ወርውሮ የወጣው ሰውዬም ፈርሞበታል። በአውቶክሌቭ ያለፈ መቀስ ይህን ያህል ንጹሕ አይሆንም።

ከዚህም የላቀው የቀብር ዕለት የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ሌሊቱን ዘመድ በድንኳኑ ጥግ ተሰብስቦ ያዘጋጀዋል። አንዱ «ቀልደኛ ነበር ብንልስ?» ሲል ታላቅየው «ለቀብር አይሆንም» ብሎ ይሰርዛል፤ ሁለቴ ከሥራ መባረሩ «በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች አገልግለዋል» ይሆናል፤ ከጎረቤት ጋር በአጥር የተካሰሰባቸው ዓመታት ይወጣሉ። የሚቀረው «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» የሆነ፣ በየሠፈሩ የምንቀብረው ያ አንድ ሰው ነው። ማታ ግን ንፍሮው ቀርቦ፣ ካርታው ተዘርግቶ የለቅሶ ቤቱ ሰው ሲሟሟቅ የተሰረዘው ሁሉ አንድ በአንድ ይነሣል፤ የአጥሩን ክስ፣ ዳኛው ፊት የተናገረውን ሳይቀር፣ ድምፁን እያስመሰለ ድንኳኑን በሳቅ የሚያፈርሰውም ያው ሲሰርዝ ያደረው ታላቅየው ነው።