እርማት፦ ጥሬ ሳንባና ጉበት ውሻን አያጠነክርም

በበዓል ሰሞን ደጋግሜ የማየው ምክር አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ «ከእርዱ የተረፈውን ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻችሁ ስጡት፤ ይጠነክራል፣ ጎበዝ ጠባቂም ይሆናል። የኔ ሁሌ ይበላል፣ ምንም አልሆነም።» በቅን ልብ የተባለ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ስህተት ነው።

ችግሩ ውሻው ላይ አይታይም። በበግ ወይም በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊኖር ይችላል። ውስጡ የትል እጭ አለ። ውሻው ሲበላው እጩ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ትሉ ካደገ በኋላም ርዝመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። አንጀት ውስጥ ስለሚኖርም በቀላሉ አታዩትም፤ ውሻውም ጤነኛ ይመስላል። እንቁላሉ ግን ከሰገራው ጋር ይወጣል። ጸጉሩ ላይ ይቀራል፣ የጓሮ ጎመን ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅም ወደ አፍ። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፤ ከውሻው ጋር ተቃቅፈው የሚውሉት ልጆች ናቸውና።

ለማረጋገጥ በሚቀጥለው እርድ ሳንባውንና ጉበቱን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ዳብሱትም። ከረጢት ያለበትን ሳንባ ወይም ጉበት፣ ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ትንንሾቹ ከረጢቶች ከውስጥ ስለሚደበቁ፣ ንጹሕ የሚመስለውንም ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀቅሉት። ጥሬ ሲበላ የኖረ ውሻ ካላችሁ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል።