አንድ አስቆጣሪ ተቀያሪ አይበቃም

ስለ ቅርጫት ኳስ ቡድኑ የጻፉት ጸሐፊ «ከተቀያሪዎቹ መካከል አንድ ጥሩ አስቆጣሪ ስላለ ሌላ አያስፈልግም» ማለታቸው ፈጽሞ አልተዋጠልኝም። ያ ልጅ ቢጎዳስ? ቶሎ ቶሎ ፋውል ቢያበዛስ?

ሁለተኛው ሩብ ሲጀመር ቋሚዎቹ ያርፋሉ። ያኔ ተጋጣሚ በዚያ ብቸኛ አስቆጣሪ ላይ ሁለት ሰው ይልካል። እሱም ኳሷን ይለቃል፤ የተቀበለው ተጫዋች ግን ቀለበቱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ መልሶ ያቀብለዋል። እንዲህ እያሉ ለመወርወር የተፈቀደው 24 ሰከንድ ያልቃል። ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል!

እ.ኤ.አ. በ2011 የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ የዳላሱ ዲርክ ኖቪትስኪ በመጀመሪያው አጋማሽ ከ12 ሙከራ ያስገባው 1 ብቻ ነበር። ቡድኑን ደግፎ ያቆመው ተቀይሮ የገባው ጄሰን ቴሪ ነው፤ ብቻውን 27 ነጥብ አስቆጠረ። ዳላስም ማያሚን 105 ለ 95 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ኮከብ ሁሌ አይቀናውም፤ ተቀያሪውም እንደዚያው።

መከላከሉም ይሠራበት፣ አልቃወምም። የሚመጣው ሁለተኛ አስቆጣሪ ግን ኳስ ይዞ የሚቆይ ሳይሆን ከጥግ ቆሞ እንደተቀበለ ወደ ቀለበቱ የሚወረውር ይሁን። ያኔ ሁለተኛው ተከላካይ ጥጉን ትቶ ለመሄድ ይፈራል።