እርማት፦ ጸጉር መላጨት ግርሻን አያቆምም

«ባሕር ዳር በረንዳ የሚያድሩ ልጆች ግርሻ እንዳይዛቸው ጸጉራቸውን መላጨት ይበቃል» የሚለው አስተያየት ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግን ስህተት ነው። ግርሻ እየተመላለሰ የሚያገረሽ የትኩሳት በሽታ ነው፤ በዋናነት የሚያስተላልፈውም የልብስ ቅማል ነው። ይህ ቅማል መኖሪያው ልብስ ነው፤ ወደ ቆዳ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። የሸሚዙን ብብት፣ የሱሪውን ወገብ ገልብጡና እዩት፤ ቅጫሙ ስፌቱን ተከትሎ ከክሩ ጋር ተጣብቋል።

ስለዚህ ሥራው ከልብስ ይጀምራል። መጀመሪያ ቅያሪ ይዘጋጅ፤ ቅያሪ ሳይኖር ልብስ ማስወለቅ ልጁን ለብርድ መስጠት ነው። የወለቀው ሁሉ ከነብርድ ልብሱ በርሜል ውስጥ ይቀቀል። ጣና ዳር በቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ማሸት ቅማሉን አይገድለውም፤ ውሃው ቢያንስ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት። የማይቀቀለውን ላስቲክ ውስጥ አጥብቆ አስሮ 2 ሳምንት ማቆየት ነው፤ ቅማሉ ያለ ደም ከሳምንት ብዙም አያልፍም፣ ቅጫሙም ተፈልፍሎ የሚበላው ያጣል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ብርድ ልብሱ ነው፤ እሱ ከቀረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቅማል በጥፍር መጨፍለቅም ይቅር። በሽታው የሚገባው ከተጨፈለቀው ቅማል በሚወጣው ፈሳሽ፣ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በታሸ ዓይን በኩል ነው።

ያተኮሰው ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ ይታይ። መድኃኒቱን በወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊመጣ ይችላል፤ «መርፌው ገደለው» የሚባለው ከዚህ ነው። መርፌ አስወግቶ ወዲያው ወደ በረንዳ መመለስ አደገኛ ነው፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ተኝቶ ክትትል ይደረግለት።