ሾፌሩ ምን አየ?

የኬሪ ቀለበት ይሉታል፤ ዞሮ የሚገጥም የቱሪስት መንገድ ነው። ደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ 179 ኪሎ ሜትር። ሄዶ የተመለሰ ሁሉ "ወይ ውበት!" ይላል። ብቻውን ለሚነዳ ሰው ግን የምን ውበት? እኔ ቀኑን ሙሉ ያየሁት አስፋልት ነው።

በግራ መንዳቱስ ይለመዳል። ጉዱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥርና ቁጥቋጦ ነው። ቅርንጫፉ የጎን መስታወቱን ቿ እያደረገ ይገርፈዋል። ከዋናው መንገድ ወጣ ስትል ደግሞ መሀል አስፋልቱ ላይ ሳር በቅሏል። በዚህ ዓይነቱ መንገድ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ በ80 መንዳት ይፈቀድ ነበር! ስንት ነፍስ ቢኖራቸው ነው? አሁን 60 ሆኗል፤ እሱም ለጀግና ነው።

የቱሪስት አውቶቡሶቹ ከኪላርኒ ከተማ ተነስተው ሁሉም ባንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ከተከተልካቸው የኋላ ታርጋ ስታነብ ትውላለህ። በተቃራኒው ከዞርክ ኩርባ ላይ ትፋጠጣላችሁ፤ ማርሽ ወደ ኋላ የሚያስገባው ደግሞ ያው አንተ ነህ።

በጉማ አይነሳ! መሀል መንገድ ተኝቶ ያመሰኳል። ጥሩምባ ስነፋ ቀና ብሎ "ምን ሆንክ?" በሚል ዓይን አየኝ።

ሌዲስ ቪው የሚሉት ሐይቆቹን ከላይ የሚያዩበት ቦታ ላይ እንደምንም ማቆሚያ አግኝቼ ወረድኩ። ሐይቆቹን ጉም ውጧቸዋል።

ማታ ደግሞ "እንዴት ነበር? ፎቶ ላክ እንጂ!" ይሉኛል። በየትኛው እጄ?