ለጅማ ልጆች የመዝለያ አሸዋ ይሠራላቸው

መስከረም 7 ቀን 2018 ዓ.ም. በቶኪዮ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲምቦ ዓለማየሁ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነሐስ አመጣችልን፤ ደስ አለን፣ አጨበጨብን። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ስታዲየም የወንዶች ርዝመት ዝላይ ፍጻሜም ነበር። የ20 ዓመቱ ጣሊያናዊ ማቲያ ፉርላኒ 8.39 ሜትር ዘልሎ ወርቁን ወሰደ። ጃማይካዊው ታጄይ ጌይል በ8.34 ብር፣ ቻይናዊው ሺ ዩሃዎ በ8.33 ነሐስ አገኙ። ከወርቁ እስከ ነሐሱ ስድስት ሳንቲሜትር ብቻ! ይህን የመሰለ ትንቅንቅ ጅማ ውስጥ ስንት ሰው በጉጉት ተከታተለው? በየቡና ቤቱ እንደማየው ከሆነ ቴሌቪዥኑ ወደ ዝላይ ሲዞር ወሬ ይጀመራል፣ ስልክ ይወጣል፣ ሁለተኛ ቡና ይታዘዛል። ሩጫው ሲመለስ ሁሉም ቀና ይላል።

ይህ ልማድ ልጆቻችንን እየጎዳ ነው ባይ ነኝ። ጅማ ውስጥ ፈጣንና ስፕሪንግ የመሰለ እግር ያላቸው ልጆች ሞልተዋል። ለረጅም ሩጫ ትንፋሽ ካጠራቸው ግን “አትሌት አይሆንም” ይባሉና ወይ ወደ እግር ኳስ ይሄዳሉ፣ ወይ ስፖርቱን እርግፍ አድርገው ይተዉታል። ርዝመት ዝላይ የሚባል በር መኖሩን የሚነግራቸው የለም።

ውድድሩን የሚያቃልሉ ሰዎች ርቀቱን በዓይናቸው ለክተው አያውቁም። ፈረንጅ አራዳ መንገድ ዳር ሦስት ባጃጆች ተጠጋግተው ቢደረደሩ ስምንት ሜትር አይሞሉም። ለዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ ያንን ሁሉ በአየር ላይ አልፎ ግማሽ ሜትር ያህል መጨመር ያስፈልጋል። ለዚያውም 40 ሜትር ገደማ ተንደርድሮ፣ ፍጥነቱ ጣሪያ በነካበት ቅጽበት፣ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያላትን ጣውላ በትክክል ረግጦ መነሳት ነው። የጫማው ጫፍ ከመስመሩ ካለፈ ቀይ ባንዲራ ይነሳል፤ ዝላዩ አይቆጠርም። ፈርቶ ቀደም ብሎ ከተነሳ ደግሞ ያባከናት ሳንቲሜትር አትመለስለትም፤ ርቀቱ የሚለካው ከመስመሩ ነውና። ከጀርባ የሚገፋው ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ከበለጠ ውጤቱ ለክብረ ወሰን አይያዝም። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ቢበዛ ስድስት ሙከራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ኩባዊው ሁዋን ሚጌል ኤቼቫሪያ እና ግሪካዊው ሚልቲያዲስ ቴንቶግሉ ሁለቱም 8.41 ዘለሉ። ቴንቶግሉ ይህችን ርቀት ያገኛት በመጨረሻዋ ሙከራው ላይ ነው። አሸናፊው የተለየው ሁለተኛ ምርጥ ዝላያቸው ታይቶ ነበር፤ 8.15 ለግሪካዊው፣ 8.09 ለኩባዊው። በ2016 ሪዮ ላይ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ሉቮ ማንዮንጋ ወርቁን በአንድ ሳንቲሜትር ተነጥቆ፣ በዓመቱ ለንደን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የ10 ሺህ ሜትር የመጨረሻ ዙር ልባችንን ሰቅሎ የሚይዘን ሰዎች ይህን ስናይ ዝም የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። በከተማችን ባለ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲካሄድ ቆሜ ተመልክቻለሁ። መምህሩ መሬት ላይ በኖራ መስመር አሰመረ። ማረፊያው ጠጠር የተቀላቀለበት አሸዋ ነው፤ የጅማ ዝናብ ደጋግሞ ጠቅጥቆት ደርቋል፣ ዳር ዳሩን ሣር በቅሎበታል። ልጆቹ የደንብ ልብሳቸውን ሱሪ እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው በባዶ እግራቸው ይንደረደራሉ። አንድ ቀጠን ያለ ልጅ ተነሳና ከጓደኞቹ ሁሉ ርቆ አረፈ። ነገር ግን መሬቱ ስላስፈራው ወደ ኋላ በእጁ ተደገፈ። ሜትሩ ተዘርግቶ የተለካው ከእጁ ምልክት ነው፤ አንድ ክንድ ያህል ተቀነሰበት። መምህሩ “እጅህን ወደ ፊት!” አለው። ደንቡም የሚለው እንዲሁ ነው፤ ወደ መስመሩ የቀረበው ምልክት ይለካል። ልጁ ግን የተላጠ መዳፉን በሱሪው እየጠረገ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። በሁለተኛው ሙከራው ገና ከመነሻው ሩጫውን ቀነሰ። ለስላሳ አሸዋ ላይ ቢሆን ኖሮ አይቀንስም ነበር። መምህሩ ያለውን ይዞ የሚችለውን አድርጓል፤ እርሱን የምወቅስበት አንዳች ነገር የለኝም።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ልበል። ደጋው አየር የረጅም ርቀት ሯጭ ያፈራል እያልን ነው ያደግነው። ስስ አየር ግን ለፈጣን ሩጫና ለዝላይም ያግዛል፤ ሰውነትን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። አሜሪካዊው ቦብ ቢመን በ1968ቱ ኦሊምፒክ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ 8.90 ዘልሎ የዓለምን ክብረ ወሰን በ55 ሳንቲሜትር ያሻሻለው ከፍታውም ነፋሱም ረድተውት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የእኛው ማሞ ወልዴ በዚያችው ከተማ ማራቶኑን አሸነፈ። እኛ የማሞን ብቻ ይዘን ቀረን። የቢመን ክብረ ወሰን እስኪሰበር 23 ዓመት ቆየ፤ በ1991 ማይክ ፓውል ቶኪዮ ላይ ካርል ሉዊስን ያሸነፈበት 8.95 ደግሞ እስካሁን አልተነካም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው ብቻውን ሻምፒዮን ያደርጋል አልልም፤ የሚጨምረው ሳንቲሜትሮች ነው፣ ጃማይካውያኑም ከባሕር ዳርቻ ነው የሚመጡት። የሚከለክለን ተፈጥሮ አለመኖሩን ግን ያሳያል።

“ያለችንን ጥቂት ገንዘብ በምናውቀው ሩጫ ላይ እናውላት” የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ ከ800 ሜትርና ከዚያ በላይ ካሉ ሩጫዎች የመጡ ናቸው። ሆኖም ባለፈው የቶኪዮ ሻምፒዮና ከዚህ ከምናውቀው ሩጫ እንኳ ወርቅ ሳናገኝ ተመልሰናል። ጎረቤታችን ኬንያ ሩጫዋን ሳትተው ጁሊየስ ዬጎን አፍርታለች። ዬጎ የጦር ውርወራን ዩቲዩብ እያየ ተምሮ በ2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከላይ የጠቀስኩት ቴንቶግሉም ያደገው ግሬቬና በምትባል ተራራማ አካባቢ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከአጥር አጥር፣ ከደረጃ ደረጃ ሲዘል አንድ አሠልጣኝ አይቶት ወደ አሸዋው ወሰደው። ፉርላኒን የምታሠለጥነው ደግሞ ትውልደ ሴኔጋላዊት እናቱ ናት። ሁሉም ዘንድ ልጁን በቅርብ ያየ ሰው ወይም ራሱን ያስተማረ ልጅ እናገኛለን። ግዙፍ በጀት አላየሁም።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ማረፊያው ቢያንስ 2.75 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ከመነሻው መስመር እስከ ጫፉ 10 ሜትር ይሁን። ከሥሩ ውኃ የሚያሰርግ ጠጠር ይነጠፍ፤ ያለዚያ የጅማ ክረምት በአንድ ወር ጭቃ ያደርገዋል። ላዩን የተነፋ አሸዋ ይሙላ፤ አንድ ሲኖትራክ ቢመጣ ይተርፋል። መንደርደሪያው 40 ሜትር ርዝመትና 1.22 ሜትር ስፋት ያለው፣ የተደለደለ ይሁን። አካፋና ሬክ አሸዋው አጠገብ ይቀመጥ፤ ሳይገለበጥ የከረመ አሸዋ ሲሚንቶ ነው። ይህ በከተማው በሦስት ወይም በአራት ትምህርት ቤቶች ቢሠራ የጎረቤት ትምህርት ቤቶችም ይጠቀሙበታል።

ሰውም አለን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ሜትርና ሰዓት ይዘው ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች ቢወጡ፣ የልጆቹን የ30 ሜትር ፍጥነትና የዝላይ ርቀት በየወሩ ቢመዘግቡ፣ ማን እያደገ እንደሆነ በዓመቱ ይታወቃል። መዝገቡ ከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ እንጂ በአንድ መምህር ኪስ አይቅር፤ መምህር ይዛወራል።

የትምህርት ቤቶች ውድድር ለሚያዘጋጁት ደግሞ የተለየ ልመና አለኝ። ርዝመት ዝላይ እንግዶች ሳይመጡ፣ ጠዋት በማለዳ የሚገላገሉት ውድድር መሆኑ ይቅር። ወላጆች በተቀመጡበት፣ ድምፅ ማጉያው በተከፈተበት ከሰዓት ይደረግ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ስምና ርቀትም ጮክ ተብሎ ይነገር።