ሙቀቱ ነው

አዳማ ውስጥ ራሱን ያመመው ሰው ምን ሆነ? ሙቀቱ ነው። ድካም ድካም ካለውስ? ሙቀቱ ነው። ላብ ካጠመቀውማ ምኑ ይጠየቃል! ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መኖር እንዲህ ደግ ነገር አለው፤ ምርመራው በነፃ ነው። ብቻ የወባ ትንኝም ይህንኑ ሙቀት ወዳ አብራን ትኖራለች። ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ይታይ የሚባለው ለዚህ ነው። እኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ገና ቡና እያፈላን ነው።

ቡናው ላይ የግቢው እማማ "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ያስቆርጣሉ። ጎረቤት ደግሞ "ታይፎይድ ነው፣ እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር" ትላለች። እሷን ያላደረጋት ነገር የለም። ከቦርሳዋ ሦስት ፍሬ የተረፈ አሞክሳሲሊን ይወጣል። ጉንፋን በቫይረስ ነው፣ ይሄ አይነካውም የሚል ከተገኘ "አንተ ሐኪም ነህ?" ይባላል። ሌሎቻችን ሐኪም ሆነን!

ጉልበት ከሆነ ሶደሬ ነው። እሱ ላይ ክርክር የለም፣ ጤነኛውም አብሮ ይሄዳል።

የሚያስፈራኝ ጨጓራ ነው። እኛ ዘንድ ልብ አይታመምም፣ የሚታመመው ጨጓራ ብቻ ነው። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ ግራ እጁ የዛለ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያሰመጠው ጎልማሳ ምሳ ላይ የበላውን ጥብስ ይረግማል። ወተት ይጠጣል። ማስታገሻ ብሎ ዲክሎፌናክ ይጨምርበታል፤ ጨጓራ ቢሆን እንኳ የሚያባብሰውን። 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ሲገባው፣ መንገድ ዳር ቆሞ ከባጃጅ ጋር በኮንትራት ዋጋ ይከራከራል።

ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል የአክታ ምርመራ እንደሚፈልግ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ድረስ መጥታ ነግራናለች። በአክብሮት ሰማናት፣ ቡና ጠጥታ ሄደች። የሚያስለው ሰውዬ "አቧራው ነው" አለ። "ሐኪም ቤት ከሄድክ መቼም በሽታ አያጡልህም" ብሎም አስተማረን። በሽታውን የሚያድሉት እነሱ ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው? ጠያቂ ሲበዛ። ብርቱካንና ሙዙ ጠረጴዛውን ሲሞላ፣ አንዷ አክስት አይታው እንባዋ ሲመጣ፣ ያኔ ይነሳል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" ይላል ሐኪሙ።

"ትናንት ማታ።"

"ኧረ ከጥምቀት ጀምሮ ነው ዶክተር!" ትላለች ሚስቱ ከኋላ።

ለፋሲካ ሳምንት ቀርቷል።